የተመራማሪ ሥራ ይነበብ እንጂ አይቆጠር፦ ስለ ማዕረግ ዕድገት መስፈርቶች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሴኔቶች
በየደረጃው ለሚገኙ የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴዎች

ጉዳዩ፦ የተመራማሪዎችን ሥራ በጥቅስ ብዛት ስለመመዘን

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የማስተምርና የማዕረግ ዕድገት ማመልከቻዎችን በሚመረምሩ ኮሚቴዎች ውስጥ በተለያየ ጊዜ ያገለገልኩ መምህር ሆኜ ነው። የማነሳው ጉዳይ የግሌ ብቻ አይደለም፤ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምር፣ የሚመራመርና ነገ ረዳት ወይም ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን ፋይሉን ይዞ የሚቀርብ ሁሉ ጉዳይ ነው። የአንድን ተመራማሪ ሥራ ዋጋ ለማወቅ ስንሰበሰብ «ምን አገኘ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «ስንት ሳይቴሽን አለው?»፣ «ኤች-ኢንዴክሱ ስንት ነው?»፣ «ጆርናሉ ስኮፐስ ውስጥ አለ?» ማለት እየለመድን መጥተናል። ሳይቴሽን ወይም ጥቅስ የምንለው ሌሎች ጸሐፊዎች አንድን ሥራ በዋቢነት ማንሳታቸውን ነው፤ ኤች-ኢንዴክስ በዚሁ ጥቅስ ላይ የቆመ የግለሰብ መለኪያ ነው፤ ስኮፐስ ደግሞ ጥቅስ የሚቆጥር ዓለም አቀፍ የጆርናሎች ቋት ነው። የምጠይቃችሁ እነዚህ ቁጥሮች በዕድገት፣ በቅጥርና በምርምር ገንዘብ ድልድል ላይ የሚኖራቸው ቦታ በመመሪያ እንዲገደብ፣ ውሳኔውም ሥራው ተነብቦ በጽሑፍ በሚሰጥ ምክንያት ላይ እንዲቆም ነው።

በቅድሚያ ቁጥሮቹ ለምን እንደተፈጠሩ ማስታወስ ይጠቅማል። (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 የጥቅስ ማውጫን ሐሳብ ሲያቀርብ ዓላማው ተመራማሪዎችን በደረጃ መደርደር አልነበረም፤ አንድ አንባቢ በእጁ ያለው ጽሑፍ ከታተመ በኋላ ማን እንደደገፈው፣ ማን እንደነቀፈውና ማን እንዳረመው ተከታትሎ እንዲያገኝ ነበር። ኢምፓክት ፋክተር የተባለው ስሌትም መጀመሪያ ያገለገለው በዚሁ ማውጫ ውስጥ የሚገቡ ጆርናሎችን ለመምረጥ ሲሆን፣ ቆይቶም ቤተ መጻሕፍት ባላቸው ውስን በጀት የትኛውን ጆርናል እንደሚገዙ ለመወሰን ተጠቅመውበታል። ስሌቱ አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በያዝነው ዓመት የተጠቀሱበትን ብዛት ለጽሑፎቹ ብዛት የሚያካፍል ነው። ስለዚህ ስለ ጆርናሉ የሚናገር አማካይ ነው ማለት ነው፤ በየጆርናሉ ጥቂት ጽሑፎች አብዛኛውን ጥቅስ ስለሚወስዱ፣ አማካዩን ይዞ በውስጡ ስለታተመ አንድ የተወሰነ ጽሑፍ መፍረድ አይቻልም። ጋርፊልድ ራሱም ግለሰቦችን በዚህ ስሌት መመዘን ተገቢ አለመሆኑን ደጋግሞ አሳስቧል።

ኤች-ኢንዴክስ ከዚህ በተለየ ግለሰቡን ለመለካት ታስቦ የተሠራ ነው። ያቀረበው በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ሲሆን፣ ትርጉሙም አንድ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ ያን ያህል ጊዜ የተጠቀሱ ስንት ጽሑፎች አሉት የሚል ነው። በአሠራሩ ምን እንደሚጠፋ በምሳሌ ልግለጽ። አንዲት ተመራማሪ አምስት ጽሑፎች አሏት እንበል፤ 40፣ 12፣ 3፣ 3 እና 1 ጊዜ ተጠቅሰዋል። ኤች-ኢንዴክሷ 3 ነው። ሌላ ተመራማሪ ሦስት ጽሑፎች ብቻ አሉት፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጊዜ ተጠቅሰዋል። የእሱም 3 ነው። የመጀመሪያዋ ተመራማሪ ዋና ሥራ ነገ 400 ጊዜ ቢጠቀስ እንኳ፣ ሌሎቹ ባሉበት እስከቆዩ ድረስ ቁጥሯ ከ3 ፈቀቅ አይልም። ቁጥሩ ደግሞ የመውረድ ባሕርይ የለውም፤ ሰውየው መመራመር ካቆመ በኋላም ሊያድግ ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ሥራ የጀመረን ወጣት ከአንጋፋው ጋር በአንድ መስመር አቁሞ ማወዳደር ፍትሕ የለውም። ሂርሽ ገና ሐሳቡን ሲያቀርብ አንድ ቁጥር ስለ አንድ ሰው ሊሰጥ የሚችለው ግርድፍ ግምት ብቻ መሆኑን ጽፏል፤ በ2020 ደግሞ መለኪያው ያልታሰበ ጉዳት ማስከተሉን በግልጽ ተናግሯል።

ጥቅስ በራሱ ምስጋና አለመሆኑም ሊታወስ ይገባል። ሰው የሚጠቅሰው ሊያመሰግን ብቻ ሳይሆን ሊነቅፍ፣ የተጠቀመበትን ዘዴ ሊያስታውቅ ወይም በመስኩ የተለመደውን መግቢያ ሊያሟላ ጭምር ነው። በታሪክ እጅግ ብዙ ጊዜ ከተጠቀሱት ጽሑፎች ቀዳሚው ሎውሪና ባልደረቦቹ በ1951 ያሳተሙት የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ ሲሆን፣ ከ300 ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል፤ ጠቃሚ የላቦራቶሪ አሠራር ነው፣ ነገር ግን የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላቁ የሳይንስ ግኝት ነው የሚል የለም። በተቃራኒው የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የጀርመን ኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የ1998ቱ የላንሴት ጽሑፍ በ2010 ከመጽሔቱ ቢሰረዝም የተጠቀሰበት ብዛት ብዙ ደራሲዎችን የሚያስቀና ነው። ከጠቀሱት መካከል አብዛኞቹ ግን የጠቀሱት ስሕተቱን ለማሳየት ነው። የሚቆጥረው ማሽን ይህን ልዩነት አያውቅም።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ከተሳተፍኩባቸው ስብሰባዎች በአንዱ የቀረበው አመልካች የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነበር። በስንዴ ዋግ ላይ ለዓመታት ሠርቷል። ዋግ ለኢትዮጵያ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ በ2010 ቢጫ ዋግ በአገር አቀፍ ደረጃ ያደረሰው ጉዳት፣ በ2013 እና በ2014 ደግሞ የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን ዝርያ በባሌና በአርሲ እንዴት እንዳወደመው ይታወቃል። የሰውየው ፋይል በጠረጴዛው ላይ ነበር፦ ሦስት የታተሙ ጽሑፎች፣ ለልማት ሠራተኞች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጀ የአሰሳ መመሪያ፣ በሽታው በቅጠልና በግንድ ላይ ሲጀምር የሚታየውን ምልክት በሥዕል የሚያሳይ ሰሌዳ፣ ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የተጻፉ ደብዳቤዎች። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ያየሁት ግን ጥቅስ ከሚቆጥረው ጉግል ስኮላር ከተባለው የኢንተርኔት መፈለጊያ የታተመች አንዲት ወረቀት ነበረች። መመሪያውን የገለጠ አልነበረም። ውይይቱ ያተኮረው የሦስቱ ጽሑፎች ጥቅስ ከሌላ የትምህርት ክፍል አመልካች ጋር ሲነጻጸር ለምን አነሰ በሚለው ላይ ነው፤ ሌላው አመልካች የሕክምና ተመራማሪ ነበር፤ በሕክምና ዘርፍ የአንድ ጽሑፍ የዋቢ ዝርዝር ረጅም፣ የሚያሳትመውም ሰው ብዙ በመሆኑ ጥቅስ በፍጥነት ይከማቻል። በሒሳብ ወይም በታሪክ የሚሠራ ሰው በዚያ ሚዛን ከቆመ ዕድሜውን ሙሉ ቀሎ ይገኛል።

በዚያ ክፍል የነበሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ጊዜ አልነበራቸውም፣ የማዕረግ ዕድገት መመሪያውም አንብቡ አላላቸውም።

ሌላው ችግር የስማችን ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን። የጥቅስ ቋቶቹ ግን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርገው ይይዛሉ፤ አንዲት ተመራማሪ በአንዱ ጽሑፍ በአባቷ ስም፣ በሌላው በአያቷ ስም፣ በሦስተኛው በራሷ ስም ልትመዘገብ ትችላለች። ጸሐይ፣ ፅጌ ወይም ኃይሉ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እንደየአሳታሚው መልኩን ይለዋውጣል። በዚህ የተነሳ የአንድ ሰው ሥራ ለሁለትና ለሦስት ሰው ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ በአንጻሩ የአባታቸው ስም አንድ የሆነ፣ የራሳቸው ስም መነሻ ፊደልም የሚመሳሰል የማይተዋወቁ ሰዎች ሥራ በአንድ መዝገብ ሊደባለቅ ይችላል። ኤች-ኢንዴክስ ደግሞ በመከፋፈል ክፉኛ የሚጎዳ መለኪያ ነው፤ ከላይ የጠቀስኳትን ባለ አምስት ጽሑፍ ተመራማሪ ለሁለት ብትከፍሏት ከሁለቱም መዝገቦች አንዱም 3 ላይ ላይደርስ ይችላል። በ2012 የተጀመረው ኦርኪድ የተባለው የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር ይህን በከፊል ያቃልላል፤ መለያውን የያዘ ሁሉ ግን የቀድሞ ሥራዎቹን አሰባስቦበታል ማለት አይደለም። በሌላ አገር የስም ልማድ የተሠራን ቋት እንዳለ ተቀብሎ የሰው እንጀራ መወሰኛ ማድረግ ከባድ ኃላፊነት ነው።

የቋንቋና የጆርናል ጉዳይም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ከ1962፣ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ከ1963 ጀምሮ እየታተሙ ነው፤ ከስኮፐስና ከጉግል ስኮላር መፈጠር 40 ዓመት ገደማ ቀድመው ማለት ነው። የአገራችን ሐኪሞች፣ የታሪክና የቋንቋ ምሁራን እርስ በርስ የተነጋገሩባቸው፣ የተከራከሩባቸው ገጾች ናቸው። ታላላቆቹ ቋቶች ግን በዋናነት በእንግሊዝኛ የሚታተሙ ጆርናሎችን የሚቆጥሩ በመሆናቸው፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ የተጻፈ ጥናት ምንም ያህል ቢነበብና ቢያገለግል በቆጠራው ውስጥ አይታይም። የብራና ጥናትንም እንውሰድ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በሚኒሶታ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልሞች እየመረመሩ ያዘጋጇቸው ዝርዝር መግለጫዎች ከእሳቸው በኋላ የመጣው የግእዝ ተመራማሪ ሁሉ የሚመረኮዝባቸው ናቸው፤ ይዘታቸውን፣ ዘመናቸውን፣ የጻፏቸውን ሰዎች አንድ በአንድ የሚያስረዱ ናቸው። እንዲህ ያለ ሥራ በሁለት ዓመት የጥቅስ መስኮት የሚለካ አይደለም። ዛሬ በአንዱ ዩኒቨርሲቲያችን በአንድ ገዳም ዕቃ ቤት ተቀምጦ ብራና የሚመዘግብ ወጣት ቢኖር፣ አሁን ባለው አካሄድ ብልህ መካሪ የሚነግረው ያን ትቶ በእንግሊዝኛ አጭር ጽሑፍ እንዲያወጣ ነው። ይህ ምክር ለወጣቱ ይጠቅመው ይሆናል፤ አገሪቱን ግን ይጎዳል።

ከሁሉ በላይ የምሰጋው መለኪያው ጥያቄዎቻችንን ይመርጥልን ጀምሯል ብዬ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቆመው ከአጣቢዎቹ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ጥገኛ ተሕዋስ አስተላላፊ በመሆኑ ያዩት ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል ተረዱ፤ ለብዙ ዓመታት የዘለቀ ምርምርም ከዚያ ተወለደ። ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የተቀበሉት በ1989 ነው፤ ከወንዙ ዳር እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት። ጥያቄው የተገኘው የአገር ሰው በአገሩ ወንዝ ዳር ሊያየው በሚችለው ነገር ውስጥ ነበር። ዛሬ አንድ ረዳት ፕሮፌሰር በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ጥቅስ ማሳየት እንዳለበት እያወቀ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይዞ ለመቆየት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቀው አስቡት። በ2006 ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዝርያም ሁለት ነባር ዝርያዎች ተዳቅለው፣ ትውልድ በትውልድ ተመርጦ የተገኘ ነው፤ ጤፍ በሚበቅልባቸው አካባቢዎች በሰፊው ተዘርቷል። የዘራው ገበሬ ግን ዋቢ አይጽፍም። ስለ ዝርያው የሚጻፈው የምዝገባ ጽሑፍ አጭር ነው፤ የሥራው ስፋት የሚታየው ማሳው ላይ ነው።

የጋራ ደራሲነትንም በአጭሩ ላንሳ። በ2015 ሂግስ ቦዞን የተባለውን ቅንጣት ክብደት የለካው የፊዚክስ ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች ነበሩት። የዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናት የሚባለውም በመቶዎች የሚቆጠሩ ደራሲዎች ያሉት ሲሆን፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን ተሳትፈውበታል፤ ጥናቱ ጠቃሚ ነው፣ የተሳታፊዎቹንም ድርሻ አልንቅም። ሆኖም የተለመደው ቆጠራ ለእያንዳንዱ ስም ሙሉውን ጥቅስ ስለሚሰጥ፣ በአንድ ትልቅ ጥናት አስተያየት የሰጠ ሰውና አንድን ጥናት ብቻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሠራ ሰው ጎን ለጎን ሲቆሙ ቁጥሩ የሚያሳየው ከእውነታው የራቀ ነው። ማን ምን ሠራ የሚለውን ለማወቅ ጠይቆ ከማንበብ ሌላ መንገድ የለም።

መለኪያ ግብ ሲሆን ምን እንደሚከተል ከሌሎች አገሮችም መማር ይቻላል። ጣሊያን ከ2010ሩ የዩኒቨርሲቲ ማሻሻያ ሕግ በኋላ የጥቅስ መመዘኛዎችን ለዕድገት መግቢያ በር ስታደርግ፣ የጣሊያን ተመራማሪዎች ራሳቸውንና የአገራቸውን ባልደረቦች የሚጠቅሱበት መጠን ከሌሎች የበለጸጉ አገሮች በተለየ ሁኔታ ማደጉን በ2019 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ቻይና በዓለም አቀፍ ጆርናል ለታተመ ጽሑፍ ገንዘብ ስትሸልም ከቆየች በኋላ በ2020 የትምህርትና የሳይንስ ሚኒስቴሮቿ ሽልማቱ እንዲቀር፣ የጥቅስ ማውጫም የሹመትና የዕድገት ዋና መለኪያ እንዳይሆን መመሪያ አወጡ። የጥቅስ ቁጥሩን የሚሸጠው ክላሪቬት የተባለው ኩባንያ ራሱ በ2023 ከፍተኛ ተጠቃሽነት ያላቸውን ተመራማሪዎች ዝርዝር ሲያወጣ ከ1,000 በላይ ስሞችን በተጭበረበረ አካሄድ ጥርጣሬ ከማስወጣቱም በላይ፣ የሒሳብን ዘርፍ ጨርሶ ትቶታል። እኛ እነሱ ሊወጡበት የሚታገሉትን መንገድ አሁን መጀመር የለብንም።

ከባድ ሆኖ የማገኘውን ተቃውሞ ሳልሸሽ ልመልስ። «ቁጥሩን ብናነሳ ዝምድናና ትውውቅ ይገባል፤ የወንዝ ልጅነት ይገባል፤ ቁጥር ቢያንስ አያዳላም» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ሥጋታቸው ከልምድ የመነጨ ነው፣ አላቃልለውም። ጥቅስና ጆርናል መጠየቅ የተጀመረውም በከፊል፣ ክፍያ ተቀብሎ ማንኛውንም ነገር የሚያትም የሐሰት ጆርናል ስለበዛ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩም ያዳላል፤ የሚያዳላውም በውጭ አገር አማካሪ ላለው፣ በዶላር የሚጠየቀውን የማሳተሚያ ክፍያ መክፈል ለሚችል፣ ርዕሱ የውጭ አርታኢን ቀልብ ለሚስብ ሰው ነው። ይህ አድልዎ በስሌት ውስጥ ስለተደበቀ ይግባኝ አይባልበትም። ዝምድናን የሚከላከለው ግልጽነት ነው፤ አንባቢዎቹ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ይምጡ፣ ያነበቡትንና የፈረዱበትን ምክንያት ጽፈው ይፈርሙ፣ ምክንያቱ ለአመልካቹ ይድረሰው፣ ሊቃወመውም ይችል። እንዲህ በፊርማ የታሰረ ሰው ለመዋሸት ያፍራል፤ ቁጥር ግን አያፍርም።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። በማዕረግ ዕድገትና በቅጥር መመሪያዎች ውስጥ የኤች-ኢንዴክስ፣ የጥቅስ ብዛት ወይም የኢምፓክት ፋክተር ዝቅተኛ ወለል እንዳይቀመጥ። አመልካቹ በራሱ ምርጫ እስከ አምስት የሚደርሱ ሥራዎችን አቅርቦ፣ በአጭር ማብራሪያ ምን እንዳበረከተ፣ በጋራ ሥራ ከሆነም የእሱ ድርሻ ምን እንደነበረ እንዲገልጽ፤ ከእነዚህም መካከል በአገር ውስጥ ቋንቋ የተጻፈ ጥናት፣ የተለቀቀ ዝርያ፣ የብራና መዝገብ፣ የሕክምና መመሪያ ወይም የመረጃ ስብስብ ሊገኝ እንዲችል። ቁጥር የሚቀርብ ከሆነ ከተመሳሳይ ዘርፍና ከተመሳሳይ የሥራ ዘመን ጋር ብቻ እንዲነጻጸር፣ ከየትኛው ቋት በየትኛው ቀን እንደተወሰደ እንዲጻፍ፣ አመልካቹም አይቶ እንዲያርመው እንዲፈቀድ። በሳን ፍራንሲስኮ በ2012 ተረቅቆ በ2013 የወጣው የምርምር ምዘና መግለጫና በ2015 የታተመው የላይደን ማኒፌስቶ ይህንኑ መንፈስ ይጋራሉ፤ የላይደኑ ማኒፌስቶ ለአካባቢ ጠቃሚ የሆነ ምርምር እንዲጠበቅ ከአሥሩ መርሆች አንዱ አድርጎ አስቀምጦታል፤ በተለይ ለእኛ የተጻፈ ይመስላል።

ማንበብ ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ። ለዚህም የሌላውን ሥራ አንብቦ ምክንያት የጻፈ መምህር ያ ሥራው እንደ ማስተማሪያ ሰዓት እንዲታሰብለት፣ ኮሚቴዎችም በአንድ ቀን በርካታ ፋይሎችን እንዲያጠናቅቁ እንዳይገደዱ አድርጉልን። የአገር ውስጥ ጆርናሎችን ዕውቅና የመስጠቱ ሥራም የሚመዝነው ጆርናሉ በትክክል በአቻ የሚያስገመግም መሆን አለመሆኑን፣ ስሕተትን ማረሙን፣ በሰዓቱ መታተሙን ይሁን እንጂ በውጭ ቋት መግባት አለመግባቱን አይሁን።

ሚኒስቴሩ ይህን በሚመለከት ረቂቅ አዘጋጅቶ ሴኔቶች፣ የመምህራን ማኅበራትና የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ አስተያየት እንዲሰጡበት ቢያደርግ፣ እስከዚያም ድረስ በሂደት ላይ ያሉ ማመልከቻዎች በቁጥር ማነስ ብቻ ውድቅ እንዳይደረጉ በሰርኩላር ቢያሳውቅ፣ በዚህ ዓመት ፋይላቸውን ያስገቡ በርካታ ባልደረቦቻችን ይጠቀማሉ። በረቂቁ ላይ ለመሥራት ጊዜዬንና ያለኝን ልምድ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር